«እናቴ እየጠበቀችኝ ነው»

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የዋሸኋቸው ሰዎችም ረስተውልኛል። አንዷ ግን አልተረሳችም። ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ቡሬና ሽንዲ መካከል በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ለማላውቃት ሴት የተናገርኳት። የዚያች ውሸት ነገር ሌላ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

መንግሥት ከተለወጠ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ የወጣሁ የሃያ አንድ ዓመት የጉለሌ ልጅ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማውቀው ቦታ ደብረ ዘይት ነው፤ እሱም ሐይቅ ለማየት። ምደባ ሲወጣ ምዕራብ ጎጃም ደረሰኝ። አባቴ ወረቀቱን አንብቦ ብዙም አልተናገረም። «ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሂጂና አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ጠይቂው» አለኝ። ጋሽ ደምሴ ከእኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ቡሬ ነው። እንኳን የሚጠይቀው አግኝቶ፣ ሳይጠየቅም፣ በሚታወቅበት ደረቅ ሳሉ እያቋረጠ፣ ስለ አገሩ ማውራት የሚወድ ሰው።

አልሄድኩም። ያኔ መጠየቅ ማለት አላዋቂነትን በአደባባይ ማወጅ ይመስለኝ ነበር። ጂኦግራፊ አጥንቼ አንድ ልብስ ሰፊ አገር ያስተምረኛል? ካርታ ዘረጋሁ፣ ፍኖተ ሰላምን አገኘሁ፣ ቡሬን በጣቴ ነካሁ፣ በቃ፣ አወቅሁት። ካርታ ላይ ተራራና ወንዝ አለ፤ ሰው የለም። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

ያልጠየቁት ምክር ግን በነፃ ይመጣል። ፀጉሬን የሠራችኝ ልጅ፣ እሷም ከአዲስ አበባ ወጥታ የማታውቅ፣ «እዚያ ገጠር ውስጥ ሴት ይጠልፋሉ» አለችኝ። «ብቻሽን መሆንሽን ካወቁ አለቀልሽ። ለማንም ሰው ማን እንደሆንሽ፣ ምን ልትሠሪ እንደመጣሽ እንዳትናገሪ። ቤተሰብ አለኝ በዪ።» የቡሬን ሰው ያልጠየቅሁ ሴት የጉለሌን ፀጉር ሠሪ አመንኩ። ከማክሰኞ ጧት ጀምሮ በሆዴ ይዤው የተጓዝኩት ይህን ምክር ነው። እናቴ ደጅ ድረስ ሸኝታኝ፣ እጇ ሊጥ ስለነበር በክንዷ አቀፈችኝና ተሳፈርኩ።

ፍኖተ ሰላም አደርኩ፤ በነጋታው ደብዳቤዬን ይዤ ቡሬ ገባሁ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር። የተመደብኩበት ቦታ ዋንዛ በር እንደሚባል፣ በሽንዲ መንገድ ላይ ወርጄ ግማሽ ሰዓት በእግር እንደምሄድ ነገረኝ። «ርእሰ መምህሩ ቅዳሜ ስለሚመጣ ጠብቂውና አብራችሁ ትሄዳላችሁ። እንግዳ ሰው ብቻውን ሲገባ ለአገሬውም ግራ ነው» አለኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እስከ ቅዳሜ ቡሬ ተቀምጬ ምን ልሠራ? ብዬ ሐሙስ ከቀትር በፊት ጨውና ባዶ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ።

ጥቅምት ገብቶ በርበሬው መቅላት ጀምሯል። ጆንያው ላይ ከእኔ ጋር አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጠዋል። ቡሬን እንደወጣን በደንብ አዩኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የማን ልጅ ነሽ ከተባለ ጠብ ተጀምሯል ማለት ነው። እዚያ አገር ሰላምታ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እኔ ያንን ምክር አስታወስኩና «ዋንዛ በር ቤተሰብ ጋ ነው የምሄደው» አልኳቸው። ያ ያልበቃ መሰለኝ። «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

ሴትዮዋ ቆይተው «ኸአዲስ አበባ ነው አመጣጥሽ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዞሩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ግን እጃቸው እየመጣ ትከሻዬን ይደግፈኛል፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። አኳኋናቸው ለታመመ ሰው የሚደረግ ስለነበር አልወደድኩትም።

መኪናው አንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ ቆመ። ከዋርካው ሥር ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ቄስና በትር የያዙ ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። እንደማንኛውም መንገደኛ አያወሩም፤ ዝም ብለው መኪናውን ያያሉ። ሴትዮዋ ከላይ ሆነው ወደ ቄሱ ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሦስቱም ባንድ ላይ ተነሡ።

ልቤ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። ጠላፊ ቄስ ይዞ አይመጣም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ቄሱ መጥተው መስቀል አሳለሙኝ። «እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ» አሉኝ። ቄስ አለነ መባላቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። አንደኛው ጎረምሳ ሻንጣዬን ሳይጠይቀኝ አንሥቶ ተሸከመ። እኔ ደግሞ የአገሩ ልጅ ለመምሰል «ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው፣ አባ?» አልኳቸው።

ቄስ አለነ መሬት መሬት አዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ እንሂድ» አሉ።

አንዱ ጎረምሳ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ቄሱ ከጎኔ ሆነው መንገድ ገባን። ከፊት የነበረው ጥቂት ሄድ እንዳለ ሻንጣዬን እንደያዘ ሮጠና ጠፋ። ከዚያ በኋላ በየሄድንበት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። በርበሬ የሚለቅሙ ሴቶች ስናልፍ ቀና ብለው ቆሙ፤ አንዷም እንዴት ዋላችሁ አላለችም። ደጁ ላይ ሸማ የሚሠራ ሰው መወርወሪያውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። የሚጫወቱ ልጆች በየስማቸው ተጠርተው ገቡ። ከፊቴ ድምፅ አለ፤ እኔ ስደርስ ድምፅ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አገር ሙሉ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ግን ሁሉም ያቀረቅራል።

አንዲት አሮጊት ከአጥር ወጥተው መንገዱን ዘጉብኝ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ያዙና አገላብጠው አዩኝ። «አድጋለች። ዓይኗስ ቁርጥ የእናቷን» አሉ።

ቄስ አለነ ከወትሮ ድምፃቸው ጠንከር አድርገው «እማማ፣ ይግቡ ኸቤትዎ» አሏቸው። አሮጊቷ ገቡ፤ ከአጥሩ በስተጀርባ ቆመው ግን በቀዳዳው ሲያዩኝ ይታየኛል። እናቴ በዕድሜዋ ዓባይን ተሻግራ አታውቅም። ዓይኗን እዚህ ማን አየው? የምጨብጠው ነገር ሳጣ ቢያንስ ትምህርት ቤቱን ልወቅ ብዬ «አባ፣ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ አንቺ ስትሄጂ አልነበረም» አሉ ቄስ አለነ ቀስ ብለው። «ነገ ታዪዋለሽ። ዛሬ እረፊ።»

አንቺ ስትሄጂ። መቼ መጥቼ ነው የሄድኩት? ያኔ ቆም ብዬ «አባ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን አገር አላውቀውም» ብል ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላልኩም። ብናገር እዚያ እናት እንደሌለኝ፣ ብቻዬን እንደሆንኩ ይታወቃል። ውሸቴ ከለላዬ መሰለኝና አጥብቄ ያዝኩት።

ወንዝ ማዶ ጉብታ ላይ ያሉ ቤቶች ይታያሉ፤ አንደኛው ደጅ ላይ ዳስ አለ። እኛ ግን ወንዙን ሳንሻገር ቄስ አለነ ቤት ገባን። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ ደጅ ላይ ተቀበሉኝ፤ ሳሙኝ፣ ደግመው ሳሙኝ፣ አልለቀቁኝም። አስቀምጠው እግሬን በለብ ያለ ውኃ አጠቡኝ። ጫማዬን አንዲት ሴት ይዛው ወጣች፤ አልተመለሰም። ሻንጣዬ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተደግፈውታል።

ምግብ ቀረበ። ዶሮ ነበር፤ ለአንድ ሰው የሚሆን አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው አለ፤ እጁን የታጠበ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እንብላ ብል የሚጠጋ ጠፋ። ዙሪያዬን ተቀምጠው ከሳሕን ወደ አፌ የሚሄደውን እጄን ይከተላሉ። እጄን ስሰበስብ ወይዘሮ እታገኝ አጎረሱኝ፤ ደገሙኝ፣ ሠለሱኝ።

«ብዪ የኔ ዓለም» አሉኝ። «ብዪ፣ ለነገ እንኳ...»

ቄስ አለነ ሳሉ። ወይዘሮ እታገኝ አፋቸውን ዘጉ። ለነገ ምን? ነገ ምን ልሆን ነው?

በልቼ እንደጨረስኩ አንዲት ሴት ተነሥታ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ ነቀለች። ቢላዋውን ከመደቡ ላይ፣ የተጠቀለለውን ጠፍር ከምሰሶው ላይ አነሣች። ሁሉንም በነጠላዋ ሸፍና፣ እኔን ላለማየት እየተጠነቀቀች፣ ይዛው ወጣች። ገመድ ለምን እንደሚፈለግ ለእኔ ግልጽ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ። «ልሂድ በቃ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ እታገኝ ድንገት ብድግ ብለው ወጡ። ከጓሮ በኩል የታፈነ ልቅሶ ሰማሁ። ቄስ አለነ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። «ወንዙ ዛሬ አይሻገሩትም፣ ልጄ። ጧት እኛው እናደርስሻለን» አሉኝ። በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ማዶ አንዲት ላም ወንዙን ትሻገራለች፤ ውኃው ጉልበቷ አይደርስም።

ስለ ሌሊቱ ብዙ የምለው የለኝም። በአንድ ወገኔ ወይዘሮ እታገኝ፣ በሌላው ሌላ ሴት ተኙ፤ ሁለቱም እንዳልተኙ ትንፋሻቸው ይነግረኛል። ጋሽ ደምሴን አስታወስኩ። ሦስት በር ብቻ ነበር የሚለየን።

ዶሮ ሲጮኽ ደጁ በእግር ኮቴ ተሞላ። ንግግር የለም፤ ኮቴ ብቻ። ጎሕ ሲቀድ ወይዘሮ እታገኝ «ተነሽ የኔ ዓለም፣ ፊትሽን ታጠቢ» አሉኝና እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ። ግቢው በሰው ግጥም ብሏል። ስልሳ፣ ሰባ ሰው ይሆናል። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሁሉም እኔን ያያል። ሁለቱ ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። የያዙኝ አጥብቀው ነው። አለቀ፣ ተጠለፍኩ አልኩ በልቤ።

ቄስ አለነ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ቆሙ። «ልጄ» አሉ፤ «ሁላችንም መንገደኞች ነን። የቀደመ አለ፣ የሚከተል አለ። አንቺ ልባም ልጅ ነሽ፤ ጽናቱን ይስጥሽ። እናትሽ አርፋለች።»

እባካችሁ እንዳትስቁብኝ፤ አመንኳቸው። እንዴት አወቁ፣ ማን ነገራቸው፣ ጉለሌና ዋንዛ በር ምን አገናኘው አላልኩም። አንድ ሙሉ ቀን በፍርሃት የተቀጠቀጠ ልብ አይመረምርም። ሊጥ የነካ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በክንዷ ያቀፈችኝ እናቴ ታየችኝ። ጉልበቴ ተሰበረ። ጎረምሶቹ ያዙኝ፤ ለዚህ ነበር ለካ የቆሙት። ጮኽኩ። ግቢው አብሮኝ ጮኸ። ከሴቶቹ አንዷ ሙሾ አወጣች፦

«የየሺ እናት ሆይ፣ መንገድ መንገድ ስታዪ፣
ልጅሽ መጣችልሽ፣ ተነሺና እዪ።»

ከልቅሶዬ መሐል ራሴን ቀና አደረግሁ። ስሙ ጆሮዬ ውስጥ ቆሟል። «የሺ ማናት?» አልኩ።

የሰማኝ የለም። ወይዘሮ እታገኝ እንባዬን እየጠረጉ እናቴ እንዳልተሠቃየች፣ በሕመሟ ሁሉ ስሜን ስትጠራ እንደነበር፣ ከተቀበረች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ እንደሆነ ይነግሩኛል። አሥራ ሁለት? «እናቴን የተለየኋት ማክሰኞ ነው» አልኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «እናቴ አዲስ አበባ ናት! ጉለሌ! ማክሰኞ ነው የተለየኋት!»

ልቅሶው ከአጠገቤ ጀምሮ እየተቆረጠ እስከ አጥሩ ዝም አለ። ክንዴን የያዙት እጆች ላላ አሉ። ቄስ አለነ ጠጋ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አዩት።

«አንቺ ታዲያ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ያች መኪና ላይ የተጠየቅኳት ጥያቄ ናት። «አስተማሪ ነኝ» አልኩ። «ለትምህርት ቤቱ የተመደብኩ አስተማሪ ነኝ።»

ቄስ አለነ አልተቆጡም። መስቀል የያዘው እጃቸው ዝቅ አለና ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ዋርካው ሥር ማን ቀረ?» አሉ።

ጎረምሶቹ ተያዩ። ማንም አልቀረም። ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ እኔ ዘንድ። ይህን እያሰብን ሳለን ከወንዙ ማዶ፣ ዳስ ካለበት ቤት፣ የአንዲት ሴት ጩኸት መጣ።

ሁላችንም ሮጥን። እኔም በባዶ እግሬ ወንዙን ተሻገርኩ።

የሺ ከዋንዛ በር የወጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አክስቷ አዲስ አበባ ወሰደቻት፤ ስፌት ቤት ትሠራለች። ስምንት ዓመት ስላላዩዋት ማንም መልኳን በውል አያውቀውም። እናቷ ስትሞት በአገሩ ደንብ «እናትሽ ትንሽ አሟታልና ነይ» ተብሎ ደብዳቤ ተላከላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየመኪናው ሰዓት ዋርካው ሥር ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ስትወርድ ተቀብለው፣ ሳትሰማ ጎረቤት ቤት አግብተው፣ እግሯን አጥበው፣ አብልተው፣ ራሷን የምትጎዳበት ነገር ከአጠገቧ አንሥተው፣ አንድ ሌሊት አሳርፈው፣ ጎሕ ሲቀድ ሰው ከብቦ፣ ደጋፊ ከግራ ቀኝ ቆሞ ሊነግሯት። ያ ሁሉ ለእሷ የተዘጋጀ ነበር፤ የደረሰው ለእኔ ነው።

እሷ ሐሙስ ማታ ቡሬ አድራ ጎሕ ሳይቀድ በተነሣው መኪና መጣች። ዋርካው ሥር ማንም የለም። ለእናቷ የገዛችውን ሻርፕና ሳሙና ይዛ ብቻዋን ሄደች። ከቄስ አለነ ቤት ራቅ ብሎ ወንዙን የሚሻገረውን የሕፃንነት መንገዷን አልረሳችም። የምታልፍባቸው ቤቶች ሁሉ ሰው አልባ ናቸው፤ በር ክፍት፣ እሳት የሚጤስ፣ የሚመልስላት የለም። ቤቷ ስትደርስ የእናቷ አልጋ ደጅ ወጥቷል። እኔን አምጥተው ሊያስለቅሱኝ አልጋው ላይ የሟቿን ቀሚስ ዘርግተው፣ መቀነቷን በላዩ አድርገውበታል። አጠገቡ የተቀመጡት ጆሯቸው የማይሰማ አያቷ ብቻ ነበሩ።

እኛ ስንደርስ የሺ ቀሚሱን ይዛ ትገለብጠዋለች። ውስጡን ታያለች፣ ደግማ ትገለብጠዋለች፤ ውስጡ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል። ክንዷን የያዘ የለም። ስትወድቅ ግንባሯ የአልጋውን ጠርዝ መታው፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። እኔ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሜ ወንዙ ያራሰውን እግሬን አያለሁ።

ዋንዛ በር ማንም አልወቀሰኝም፤ መወቀስ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሮ እታገኝ ጫማዬን ታጥቦ ደርቆ መለሱልኝ። ለዕረፍት አዲስ አበባ ስመለስ ቀጥታ የሄድኩት ጋሽ ደምሴ ዘንድ ነው። የሆነውን ስነግረው ገና ሳልጨርስ መቀሱን አስቀመጠ።

«አብልተውሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ይሄን ብነግርሽ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ታውቂው ነበር» አለኝ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ ስምሽን፣ ያባትሽን ስም፣ ሥራሽን ብትነግሪያቸው የመኪናው ሴትዮ ራሳቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ ያደርሱሽ ነበር አለ። ተቆጥቶ አይደለም። የሚያውቀውን ሳይጠየቅ መቅረቱ ያሳዘነው ይመስል ነበር።

የሺ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም፤ አያቷን የሚይዝ ጠፋና ቀረች። አንድ ዓመት ያህል ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ ትመልስ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ጠብቃ አገኘችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ያን ዕለት መንገዱ ላይ ሰው ሳጣ ሰው ሁሉ ጠልቶኝ መሰለኝ። ለካ ሁሉም አንቺ ጋ ነበር። የኔን መርዶ አንቺ ወሰድሽብኝ» አለችኝ። አብረን እስከ ወንዙ ሄድን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ትጠይቀኛለች፣ እጠይቃታለሁ።

አንባቢዬ፣ አንተም መንገድ ታስብ ይሆናል፤ አንቺም ሻንጣሽን እየሸከፍሽ ይሆናል። ስለ ውኃው፣ ስለ ብርዱ፣ መኪና ስለሚወጣበት ቀን መጠየቅ ደግ ነው፤ ጠይቁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሰዎቹ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ሲያዝኑ ምን እንደሚያደርጉ፣ ዝም ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የአገሩን ሰው ጠይቁ። ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። እኔ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ማዳመጥ ስለታከተኝ አንዲት ልጅ የእናቷን ሞት ከባዶ ቀሚስ ሰማች። ከዚያ በኋላ በዋንዛ በር ያልጠየቅሁት ነገር የለም። ልጆች የሚማሩት ከእኔ፣ እኔ የምማረው ከእናቶቻቸው ነበር።

በአምስተኛው ዓመቴ፣ ጥር ውስጥ፣ ትምህርት እንዳለቀ ወይዘሮ እታገኝ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ስገባ ሳሙኝ፤ ደግመው ሳሙኝ፤ አልለቀቁኝም። አስቀምጠው እግሬን በለብ ያለ ውኃ አጠቡኝ። አንዲት ሴት ጫማዬን ይዛ ወጣች። ከጓዳው የጋሽ ደምሴን የመሰለ ደረቅ ሳል ሰማሁ፤ ወዲያው ታፈነ። ዶሮ ቀረበ፤ ከእኔ በቀር እጁን የታጠበ የለም። አንዷ ተነሥታ ማጭዱን ከግድግዳው ነቀለች፣ ጠፍሩን ከምሰሶው አነሣች፣ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

የሺ ገባችና ከቀኜ ተቀመጠች። ጧት ክንዴን የምትይዘው እሷ መሆኗ ነው። አየኋት፤ አቀረቀረች። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ከዓይኔ ትይዩ ነው።

መጠየቅ እችል ነበር። አንድ ቃል ብጠይቅ እዚያው ይነግሩኝ ነበር። ሳልጠይቅ ግን እናቴ እስከ ጧት አለች፤ ሰዎቹም ይህን ሌሊት ሊሰጡኝ ነበር የተሰበሰቡት። ያኔ ሳላውቅ የነጠቅሁትን፣ አሁን ባለቤቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰጠችኝ።

«ብዪ የኔ ዓለም» አሉኝ ወይዘሮ እታገኝ።

እጄን ዘረጋሁና በላሁ።